ሁለት ተማሪ በአንድ ስም

ጥቅምት 3

እትዬ፣

ስድስቱ ጥያቄዎችሽ ደረሱኝ። ሰላምታሽ ግማሽ መስመር ናት፤ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ጊዜ የለውም ብዬ ይቅር አልኩሽ። እኔም የምጽፍልሽ በምሳ እረፍት፣ አንሶላ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ሴቶቹ ከበውኝ «ለማን ነው? ለማን ነው?» ይሉኛል። «ለውሽማዬ» አልኳቸውና ተገላገልኩ።

በስልክ ያልሆነበት ምክንያት ገብቶኛል። በስልክ ያወራነው ይጠፋብኛል፣ በወረቀት የጻፍሽው ግን ይቀርልኛል ብለሻል። ይሁን። ስልኩም ያለው የልብስ ማጠቢያ ቤቱ አለቃ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ እኔም በደብዳቤ ይሻለኛል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። የደንብ ልብሱ ቀለም ግራጫ ነበር። ሰማያዊ ያልሽው የሆስፒታሉን መጋረጃ ነው፤ እሱን ስናጥፍ ስላደግን ተደባልቆብሻል። ቀሚሱ አንድ ነበር። ጫማው አንድ ጥንድ። የተመዘገበውም ስም አንድ፣ ያንቺ።

ለምን በተራ እንደተማርን ጠይቀሻል። አይ እትዬ! ይሄ ይረሳል? እናታችን ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለችውን ክፍል ያገኘችው፣ እሷ ስታጥብ አንዲት ልጇ ሁልጊዜ ማጠፊያው ላይ ትቆማለች በሚል ውል ነው። የትኛዋ ልጅ እንደሆነች አለቃው ደንታ አልነበረውም፤ የሚፈልገው እጅ ነው። ትምህርት ቤቱም የመዘገበው አንዲት ተማሪ ብቻ ነው። የምንበላለጠው በአንድ ዓመት፣ መልካችን ቁርጥ አንድ። ስለዚህ ሰኞ አንቺ፣ ማክሰኞ እኔ፣ እንዲያ እያልን ስምንት ዓመት። የማን ሐሳብ እንደነበረ ማወቅ ከፈለግሽ የእኔ ነበር። መጽሐፉ ላይ ያንቺ ብታደርጊው አልከስሽም።

ርክክቡንም ጠይቀሻል። ተረኛዋ አጣቢ ስትወጣ ለገቢዋ ሦስት ነገር ትነግራታለች፤ ምን ታጠበ፣ ምን ቀረ፣ የትኛው እድፍ አልለቀቀም። እኛም ከእነሱ ቀዳን። አመሻሽ ላይ ከትምህርት የመጣችው ማጠፊያው ጥግ ትቆምና ለቀረችው ታስረክባታለች፤ ምን ተማርን፣ ምን ቀረን፣ የትኛው አልገባንም። «ተማርን» ነበር የምንለው። አንድ ቀን እንኳ «ተማርኩ» ብለሽ አታውቂም።

የሒሳብ መምህራችን፣ ጠመኔ የምንላቸው፣ ያውቁ ነበር ወይ? ያውቁ ነበር። እኔ በገባሁ ቀን እጄን ሳወጣ «አሃ፣ ዛሬ ሒሳቧ መጣች» ብለው ነው ወደ ሰሌዳ የሚጠሩኝ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባሽን የስምንተኛ ክፍል ፈተና በተመለከተ፣ ቋንቋና ታሪክ አንቺ፣ ሒሳብና ሳይንስ እኔ። ግን ይሄንን እኮ ታውቂዋለሽ፤ ለምን እንደጠየቅሽኝ አልገባኝም። አስታውስ እንደሆን ለማወቅ ነው? አስታውሳለሁ።

አሁን ደግሞ የእኔ አንድ ጥያቄ። ልጄን ፌንጣን የምታውቂያት በፎቶ ነው። እግሯ መሬት ላይ አርፎ ስለማያውቅ ፌንጣ አልናት፤ ጭንቅላቷም እንደዚያው ነው። ዘንድሮ ስምንተኛን ትጨርሳለች፣ ከክፍሏ አንደኛ ናት። እዚህ ከስምንተኛ በላይ ትምህርት ቤት የለም። የአሁኑ አለቃ የድሮው አለቃ ልጅ ነው፤ ውሉም ያው የድሮው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ማጠፊያው ላይ ትቁም፣ ካልሆነ የምንኖርበትን ክፍል ልቀቂ ብሎኛል። አንቺ የገባሽበት አዳሪ ትምህርት ቤት ስምሽን በኩራት ነው የሚያነሳው አሉ። አንድ ቦታ ለምኚልኝ። ከሄድሽ ጀምሮ ምንም ለምኜሽ አላውቅም። ይችን አንዷን ብቻ።

ታናሽሽ ሚጡ


ኅዳር 21

የእኔ ሚጡ፣

ስለ መዘግየቴ ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ለራሴ፣ ሁለቴ ለአርታኢዋ። ርክክቡ ጋ ስደርስ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። «መጽሐፉ ይሄ ነው» አለችኝ። አየሽ፣ አንቺ እንዲህ እንደዋዛ የምትጽፊው ነገር እዚህ ሰው ያስለቅሳል።

በሆስፒታሉ ሾፌር በኩል የላክሽውም ጥያቄ ደርሶኛል። አዎ፣ አንቺም መጽሐፉ ውስጥ ትኖሪያለሽ። እንዴት እንደምትኖሪ ገና አልተወሰነም፤ አርታኢዋ ስለ አንባቢ ብዙ ታውቃለች፣ እኔ ደግሞ እሷን እሰማለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ስለ ፈተናው ለማንም እንዳትተነፍሺ፤ ለፌንጣም ቢሆን። እንዲህ ያለው ነገር ዲግሪ ያስነጥቃል። በአንድ ስም ሁለት ሰው ተፈተነ የሚለውን ሕግ ማጭበርበር ይለዋል እንጂ የእህትማማች ፍቅር አይለውም። እኔ ለአርታኢዋ የነገርኳት፣ ቀን ቀን ብቻዬን እማር እንደነበረና አመሻሽ ላይ አንቺን አስተምርሽ እንደነበረ ነው። ውሸት አይደለም፤ ግማሹ ነው።

ለሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ እጅሽ ቃጠሎ ጻፊልኝ። እንዴት እንደሆነ፣ ማን እንደደረሰልሽ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ ለሕይወትሽ አስግቶ እንደነበረ። ጽሑፍሽ እንደ ድሮው ስላልሆነ ለማንበብ ተቸግሬ ነበር፤ እባክሽ ጎላ አድርጊው።

ስለ ፌንጣ አልረሳሁም። እኔ ልሙትልሽ፣ በልቤ ይዣታለሁ። ግን መጽሐፉ ሳይወጣ ትምህርት ቤቱን ውለታ ብጠይቅ ስማችንን ልትጠቀምበት ነው ይሉኛል። ትንሽ ታገሺኝ።

እህትሽ


ጥር 9

እትዬ፣

«ሐኪሙ ትሞታለች ብሎ ነበር ወይ?» ብለሻል። ምነው፣ ምን አስቸኮለሽ? አላለም።

ፌንጣ የስድስት ወር ልጅ ነበረች። አባቷ ለሥራ ብሎ እንደወጣ በዚያው የቀረ ሰሞን ነው። እሷን አዝዬ ትልቁ መተኮሻ ላይ ነበርኩ፤ ሁለት የጋሉ በርሜሎች እየተሽከረከሩ አንሶላውን በመሃላቸው የሚያሳልፉበት፣ ታስታውሺዋለሽ። የአንሶላው ጫፍ ታጠፈ። በእጄ ላቃናው ስል ማሽኑ እጄን አብሮ ሳበው። የማሽኑ ማጥፊያ ያለው በዚያኛው ጫፍ ነው። እዚያ ሁለተኛ ሰው መቆም ነበረበት፤ አልነበረም። ድሮ እዚያ የምትቆሚው አንቺ ነበርሽ። ይሄን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም። እሺ፣ ለመውቀስም ነው።

የደረሱልኝ የእጥበቱ ክፍል ሴቶች ናቸው። አንዷ ማሽኑን አጠፋች፣ አንዷ ልጄን ከጀርባዬ ወሰደች፣ አንዷ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ነው ብዙ ውሃ የፈሰሰው። የተኛሁት አሥራ ስምንት ቀን ነው። የቀኝ እጄ አራት ጣቶች ዛሬም አይታጠፉም። የምጽፈው በግራዬ ነው። ጽሑፍሽ ተበላሸ ላልሽኝ መልሱ ይሄው ነው፤ አላወቅሽም ነበር መሰለኝ። ያኔ ፈተና ላይ ስለነበርሽ አልመጣሽም። አበባ የተሳለበት ካርድ ልከሽልኛል። ጥሩ ካርድ ነበር።

አሁን የሚያሳስበኝ እጄ አይደለም። አለቃው ለፌንጣ የሥራ ጋዋን አሰፍቶላታል። ልኳን ሲለካ ዝም ብላ ቆመችለት። ቤት ስትመጣ «እማ፣ እጅጌውን ለምን እንዲህ አስረዘመው?» አለችኝ። ስታድግም እንዲሆንሽ ነው አልኳት። ደብተሯን ከፈተች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትከራከረኝ ነበር።

የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ምዝገባ ነሐሴ መጨረሻ ይዘጋል ብለውኛል። የምትጠይቂኝን ሁሉ እየመለስኩ ነው እትዬ። አንቺ ደግሞ አንዱን መልሺልኝ።

ሚጡ


ሚያዝያ 2

ሚጡዬ፣

አዎ፣ መጽሐፉ ወጥቷል። ከጋዜጣ ላይ ማየትሽ አሳፈረኝ፤ ከእኔ አፍ መስማት ነበረብሽ። ይቅርታ። ቀናቱ እንዴት እንደሚሮጡ አልነግርሽም፤ አንድ ቀን ሬዲዮ ጣቢያ፣ አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ቀን የማላውቃቸው ሰዎች እያቀፉኝ ያለቅሳሉ።

ምረቃው ላይ እመጣለሁ ያልሽውን ግን ተይው፣ በሞቴ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ አዳራሹም ጠባብ ነው። ጋዜጠኞች ይበዛሉ፤ አንቺ ደግሞ ግርግር አትወጂም። አንድ ቅጂ እልክልሻለሁ፤ አሁን ግን የመጀመሪያው ዕትም አልቋል።

በመጽሐፉ ስም ሴት ልጆችን የሚያስተምር ማኅበር አቋቁመናል። ስለ ፌንጣ በዚያ በኩል ላደርግ የምችለው ነገር የለም። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ አስረዳሻለሁ። እባክሽ አትቀየሚኝ።

እህትሽ


ግንቦት 16

እትዬ፣

ቅጂውን አትላኪ፤ ደርሶኛል። እንዴት እንደደረሰኝ ስሚ።

ለፌንጣ ክፍል ዘንድሮ አዲስ አስተማሪ መጥታለች፤ ወጣት ናት፣ አገሩን አታውቀውም። መጽሐፍሽን ይዛ ገብታ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ገጽ ታነብላቸዋለች። ፌንጣ በመጀመሪያው ቀን ልብስ ማጠቢያ ቤት ሲባል ጆሮዋን አቆመች። በሁለተኛው ቀን ርክክቡን ሰማች፤ ሳስጠናት እኛም እስከ ዛሬ እናደርገዋለን። በአምስተኛው ቀን ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ካውያው ክፍል ገብታ ከፊቴ ቆመች።

«እማ፣ መቼ ነው የሞትሽው?» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«ገጽ መቶ አርባ ላይ ሞተሻል።»

ጆሮዬን አላመንኩም። አርባ ሁለት ልጆች አልቅሰውልኛል አሉ። አስተማሪዋ መሐረብ አውጥታለች። የእኔዋ ፌንጣ ብቻ አላለቀሰችም፤ እጇን አውጥታ «እሷ እኮ ዛሬ ጠዋት ፀጉሬን ሠርታኛለች» ልትል አስባ ተወችው። ለምን ተውሽው አልኳት። «መጽሐፉ ላይ በጣም ጥሩ ሰው ነበርሽ» አለችኝ።

ወይ ጉዴ! በሞቴ ብለሽ ስትለምኚኝ ለካ በእኔ ሞት ኖሯል።

መጽሐፉን ከአስተማሪዋ ተውሳ አመጣችልኝ፤ አነበብኩት። እጄን ማሽኑ ይዞት፣ ሦስት ቀን ታምሜ፣ እጅሽን ይዤ «አንቺ ተማሪልኝ» ብዬ አረፍኩ። መቼ ነው እኔ እንዲህ ያልኩት? አንቺስ የት ነበርሽና ነው እጅሽን የያዝኩት? በዚያን ቀን ከአፌ የወጣው «ማሽኑን አጥፉት» የሚል ነው። ሕፃን ልጄንም የማይታወቁ ዘመዶች ወስደዋት የት እንደደረሰች አታውቂም። አታውቂም! ፎቶዋን እንኳ ልኬልሽ ነበር እኮ።

ገጽ ሰባ ላይ ደግሞ «ሒሳብ እንደ ጨዋታ ይቀለኝ ነበር» ብለሻል። እውነት እንነጋገር። አንቺ ክፍልፋይ ስትደምሪ ታለቅሺ ነበር።

ሴቶቹ ሰምተዋል። «ሟቿ፣ እስቲ ያንን አንሶላ አቀብዪኝ» ይሉኛል። እስቃለሁ። ምን ላድርግ? ከሳቅን በኋላ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አሥራ ስምንት ቀን ሆስፒታል ስተኛ ያልተሰማኝ ነገር ተሰማኝ። እህቴ መጥታ ባትጠይቀኝም የት እንዳለሁ ታውቃለች ብዬ ነበር የኖርኩት።

መልስ እፈልጋለሁ። ስለ ልጄ ነው መልስ የምፈልገው፤ ስለ እኔ እንደፈለግሽ ጽፈሻል።

ሚጡ


ሰኔ 4

ሚጡ፣

አዎ። ዋሽቻለሁ። ሰበብ ላበዛብሽ አስቤ አራት ወረቀት ቀደድኩ።

አርታኢዋ «እህትሽ ዛሬ የት ናት?» ስትለኝ፣ እዚያው ናት፣ መተኮሻው ላይ ናት ማለት አቃተኝ። በሕይወት ካለች «ለምን አላወጣሻትም?» ይሉኛል። ከሞተች ግን ማንም አይጠይቀኝም። እውነቱ ይሄ ነው። ፈተናውም አለ፤ አንቺ ካለሽ አንድ ቀን አንድ ሰው አንቺ ዘንድ መጥቶ ይጠይቅሻል፣ አንቺ ደግሞ መዋሸት አትችዪበትም። በወረቀት ላይ ስጽፈው ቀለለኝ። ምዕራፉን ስጨርስ አለቀስኩ፤ ብትስቂም ሳቂ፣ ከልቤ ነው ያለቀስኩት።

አሁን ግን ሌላ ነገር መጣ። በየአዳራሹ ሰዎች እጃቸውን ያወጣሉ። «ሕፃኗስ?» ይላሉ። «ፈልገሻታል? አግኝተሻታል?» ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ባለፈው አንዲት ሴት፣ ሕፃኗን የማፈላለጊያ ማስታወቂያ አሳትማ ይዛልኝ መጣች። ምን ልበላቸው?

ስለዚህ ይሄን አሰብኩ። ማኅበሩ የተቋቋመው እናት ለሌላቸው ልጆች ነው፤ በሚያዝያ ስለ ፌንጣ አልችልም ያልኩሽ ለዚህ ነበር። አሁን ግን የሟች እህቴን ልጅ አገኘኋት ማለት እችላለሁ። አዳሪ ትምህርት ቤቱን ጠይቄያለሁ፤ ቦታው ተገኝቷል። አራት ዓመት፣ ልብሷም መጽሐፏም ሁሉም በማኅበሩ። አለቃው ማጠፊያ ላይ አያቆማትም። አንቺ የለመንሽኝ ይሄንኑ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እናቷ ሞታለች። አንቺ እዚህ አትመጪም። ስልክ አትደውዪም። የልጆቹን ደብዳቤ የመኝታ ክፍል ኃላፊዋ ከፍታ ነው የምታነበው፤ ስለዚህ መጻፍ ከፈለግሽ የእናቷ የሥራ ጓደኛ ሆነሽ ጻፊ። እሷም እንደዚያው «እርስዎ» እያለች ትጽፍልሻለች። የእኔን ደብዳቤዎች አቃጥያቸው።

ካልተስማማሽ እውነቱን ተናገሪ፤ አልከለክልሽም። ዲግሪዬ ይሄዳል፣ ማኅበሩ ይፈርሳል፣ ፌንጣም ጋዋኗን ትለብሳለች። ያኔ ሁላችንም እኩል እንሆናለን። ይቅር ብትዪኝ ደስ ይለኛል።

እህትሽ


ሐምሌ 12

እትዬ፣

እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ሳስብ እንዳይመስልሽ። ስሰድብሽ ነው የከረምኩት። ጽፌ ያልላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች አሉ፤ ጥሩ ጥሩ ስድብ ነበረባቸው፣ ያሳዝናል።

ጠመኔ ጋ ሄጄ ነበር። ጡረታ ወጥተዋል፤ ጆሯቸው ደከም ቢልም አእምሯቸው ያው ነው። ሁለታችንንም የሚያውቁ፣ ቢናገሩ የሚታመኑ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁሉን ነገርኳቸው። «እመሰክራለሁ!» ብለው ተነሱ፤ ኮታቸውን ከመስቀያው አወረዱ። አንድ እጅጌ ካጠለቁ በኋላ ቆም አሉና «ከመሰከርኩ በኋላ ልጅቷ የት ትማራለች?» አሉኝ። ኮቱን መልሰው ሰቀሉት። ከዚያ ሻይ አፈሉልኝ።

ፌንጣን አስቀምጬ ነገርኳት። ዋሽቼ ልነግራት ሞክሬ ነበር፤ አንቺ እንዳልሽው አልችልበትም።

«ስንት ዓመት ነው?» አለች።

«አራት።»

ጣቶቿን ቆጠረች። «አራት ዓመት ከሆነማ ሙቺ» አለችኝ።

ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እስኪወጣላት አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ተናድጄ ነበር። ባንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ በእሷም ጭምር። ልጅ ናት፣ ትክክል ናት፣ ግን እንዲያ ቶሎ ትላለች ብዬ አልጠበቅኩም።

ስለዚህ እሺ። ሞቻለሁ።

አሁን ስለ ልጄ የምጽፍልሽን ልብ ብለሽ አንብቢ፤ ለመጽሐፍ የሚሆን አይደለም። ሰሌዳ ስታይ ዓይኗን ታጨናብሳለች፤ መነጽር ያስፈልጋታል። እናት ስለሌላት ማንም ልብ አላለላትም በያቸው። ስትከፋ አትበላም፤ አትለማመጧት፣ ስትራብ ራሷ ትመጣለች። ክፍል ውስጥ ታወራለች፤ የምታወራው መልሱን አስቀድማ ስለምታውቅ ነው እንጂ ባለጌ ሆና አይደለም። በእንቅልፍ ልቧ «እማ» ትላለች። የሞተችን እናት በእንቅልፍ መጥራት አይከለከልም መሰለኝ።

ደብዳቤዎችሽን አላቃጥልም። ላስፈራራሽ አይደለም። ሌላ ካንቺ የተጻፈ ነገር የለኝም።

መናኸሪያ ድረስ አመጣታለሁ። አንቺ ከአውቶቡሱ አትውረጂ፤ እንድንተያይ አልፈልግም። ይቅርታውን ጠይቀሻል። አላደረግኩልሽም።

ሚጡ


ታኅሣሥ 1

ይድረስ ለእናቴ የሥራ ጓደኛ፣

እንዴት ነዎት? እኔ ደህና ነኝ። ምግቡ ይስማማሻል ወይ ላሉኝ፣ ይስማማኛል። ይበርድሻል ወይ ላሉኝ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ሰጥተውኛል። መነጽር ተገዝቶልኛል። ሰሌዳው ላይ ይሄን ያህል ብዙ ነገር እንደሚጻፍ አላውቅም ነበር። በሒሳብ መቶ ከመቶ አምጥቻለሁ።

አክስቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አዳራሾች ይዛኝ ትሄዳለች። መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ እናቴ እናገራለሁ። የመጀመሪያው ቀን ከወረቀት ላይ አነበብኩ። አሁን ለምጄዋለሁ። የቱ ጋ ዝም ስል ሰው እንደሚያለቅስ አውቄዋለሁ። አክስቴ ጎበዝ ነሽ ትለኛለች። አንዳንዴ እሷም ታለቅሳለች፤ የምሯን ይሁን አይሁን አላውቅም። አንድ ቀን እኔም የምሬን አለቀስኩ፤ እናቴ ያን ዕለት ገና የሞተች መሰለኝ። ከመድረክ ስወርድ እንኳ ቶሎ አልተወኝም።

አንድ ነገር ልለምንዎት ነው የጻፍኩት። እዚህ እናት የሌላቸው ልጆች እናታቸው ያረፈችበትን ቀን ከትምህርት ነፃ ይሆናሉ። የመኝታ ክፍል ኃላፊያችን ቀኑን ጠየቁኝ። መጽሐፉ ላይ አልተጻፈም። እኔም መስከረም ዘጠኝ ነው አልኳቸው። ወደዚህ ትምህርት ቤት ለመምጣት በጠዋት አውቶቡስ የተሳፈርኩበትም ቀን ነው፤ ስለዚህ አልረሳውም። ኃላፊያችን በዚያን ጊዜ አጠገቧ የነበረ ሰው በጽሑፍ ያረጋግጥልሽ ብለዋል። እባክዎ ጽፈው ይላኩልኝ።

ክረምት ላይ ወደ ቤት የሚሄዱት ቤተሰብ ያላቸው ልጆች ናቸው። እኔ እዚሁ እቆያለሁ።

አክባሪዎ ፌንጣ


ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለፌንጣ፣ ይሄንንም ደብዳቤ ከፍተው ለሚያነቡት ለመኝታ ክፍል ኃላፊዋ፣

የተጠየቅኩትን አረጋግጣለሁ። የዚህች ልጅ እናት ያረፈችው መስከረም ዘጠኝ ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ፌንጣ፣ ብዙ አልተሠቃየችም ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ይልሽ ይሆናል። ግን አልዋሽሽም፤ ተሠቃይታለች። ከዚያ በኋላ ሰዎች መጥተው ወደ ሥራ መለሱን፤ የሆስፒታሉ አንሶላ ተቆልሎ ነበር።

መቶ ከመቶ ማምጣትሽን ለሴቶቹ ሁሉ አነበብኩላቸው። እልልታው ሲቀልጥ አለቃው ምን ሆናችሁ ብሎ ወጣ። እናትሽ ሒሳብ ትወድ ነበር። ብትሰማ ኖሮ ያንን ቀን ማንም አያናግራትም ነበር፤ እንዲያ ነበር የሚያደርጋት ደስታ።

መድረክ ላይ ሰው የሚያለቅስበትን ቦታ ማወቅሽን ግን አልወደድኩትም። እናትሽም አትወደውም ነበር። የምቆጣሽ ሌላ የሚቆጣሽ ስለሌለ ነው።

ክረምቱን እዚያው መቆየትሽ ደግ ነው። የእናትሽ ክፍል ለሌላ ቤተሰብ ተሰጥታለች፤ ማጠፊያው ላይ የምትቆም ልጅ አላቸው። እኔ ከአንዷ ሴት ጋር ተዳብያለሁ፤ ስለ እኔ አታስቢ፣ ትምህርትሽ ላይ አተኩሪ።

ትወድሽ ነበር። ያንን ቀን ሞቷን የመረጠችው ራሷ ናት፤ ተገድዳ ነው የሚልሽን አትስሚ። ይሄን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

ከላይ የጻፍኩት እውነት ለመሆኑ ፈርሜያለሁ።

የእናትሽ የሥራ ጓደኛ